ፋሲካን ያዛወርንበት ዓመት

ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ከልጄ ጋር የምኖርበት ፎቅ ደረጃው ዘወትር በሳሙና ውኃ ነው የሚታጠበው። ትናንት ግን ከገበያ ስመለስ አዲሱ የጽዳት ሠራተኛ ተንበርክኮ ቀይ የወለል ሰም ሲያሽ ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ጎመኔን እንዳንጠለጠልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ደንግጦ «ማማ፣ አመመሽ ወይ?» አለኝ በስዋሂሊ። ደህና ነኝ አልኩት፤ ደህና ግን አልነበርኩም። የዛሬ ሰው ይህን ሽታ አያውቀውም፤ ሁሉ ነገር ታይልስ ሆኗል። እኛ ናይሮቢ በገባንበት ዘመን እንግሊዞች ሠርተው ጥለዋቸው የሄዱት አሮጌ ቤቶች ወለላቸው ቀይ ሲሚንቶ ነበር፤ በየሳምንቱ በሰም ካልታሸ ደግሞ ዓይን አይገባም። የጸሎት ቤታችን ወለልም እንደዚያው ነበር። ተንበርክከን ስንነሣ የወንዶቹ ሱሪ ጉልበቱ፣ የሴቶቹ ነጠላ ጫፉ ይቀላል። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ የማላውቀው ሐበሻ ከተቀመጠ ቀድሜ የማየው ጉልበቱን ነበር፤ ከቀላ የኛው ሰው ነው። ኋላ ላይ ፖሊሶቹም ይህን ደርሰውበታል ተብሎ ተወራ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ብቻ ሰው ሁሉ ከጸሎት ሲወጣ ጉልበቱን በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ያዘ።

ሽታው ብቻውን ቢሆን ወዲያው ይለቀኝ ነበር። ነገሩ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ ሲከነክነኝ ከከረመ ወሬ ጋር ገጠመ። ልጄ ሰናይት የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ አባል ናት። ምሳ እየበላን፣ ስልኳን እየነካካች፣ «ማሚ፣ ዘንድሮ ፋሲካን ከኬንያኖቹ ኢስተር ጋር ልናደርገው ወስነናል» አለችኝ። ለምን ብላት፣ ዓርቡም ሰኞውም የመንግሥት በዓል ነው፣ ሰው ከሥራ ነጻ ነው፣ ላቪንግተን ያለው ትልቁ አዳራሽም ለዚያ ሳምንት ተገኝቷል፤ የኛው ፋሲካ ማግስት ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ አለችኝ። «ዋትስአፕ ግሩፑ ላይ ይለቀቃል፣ ሁሉም ሰው ይሰማል። ኢትስ ጀስት ኤ ዴት፣ ማሚ» አለች። ምክንያቱ ሁሉ ልክ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ያኔም ማንም ክፉ አላሰበም ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

አገር ቤት የወታደሩ መንግሥት ወድቆ ሰው እንደ ጨው ዘር በተበተነበት ሰሞን ነው ናይሮቢ የገባነው። ዓመተ ምሕረቱን የሚያስቡ ሰዎች ያስቡት፤ እኔ የማስታውሰው ከምንኖርበት ከኢስሊ ሰፈር እስከ መሀል ከተማ የማታቱ ሒሳብ አምስት ሺሊንግ እንደነበር፣ ወተት በሦስት ማዕዘን ወረቀት ታሽጎ ሲሸጥ ጥጉን በጥርሳችን ቀደን እንጠጣ እንደነበር ነው። ኢስሊ ሲዘንብ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ልብሳችን ሁሉ ሚቱምባ ነው፣ ፈረንጅ ለብሶ የጣለው፤ ጊኮምባ ገበያ ሄደን ከክምሩ ውስጥ ጎትተን እናወጣዋለን። የሴት ኮት ያኔ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ነበረው። ሁላችንም ትከሻችን እንደ ጄኔራል ሰፍቶ እንንጎራደዳለን፣ ኪሳችን ውስጥ ግን መታወቂያ የሚባል ነገር የለም። ማታቱ ውስጥ የኮንጎ ጊታር ጆሮ እስኪደነቁር ይለቀቃል። የኛ መዘምራን ደግሞ የልጅ መጫወቻ በምታክል ኪቦርድ ካሴት ቀዱ፤ መሀል ላይ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ይሰማል፤ እንደገና የሚቀዳበት ገንዘብ ከየት ይምጣ፣ ከነውሻው ተሸጠ። ፓርክላንድስ የሕንዶቹ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለ ጨርቅ እያየሁ ስንት ምሽት አሳልፌያለሁ፤ የሚገዛ ሰው ፊት ማሳየትም ጥበብ ነው፣ ባለሱቁ እንዳያባርር። ደስ የሚል ዘመን ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ወጣት ነበርኩ፣ ከጎኔም ተሾመ ነበር።

ተሾመ ባሌ ነው። የከባድ መኪና መካኒክ፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሳይሆን ቀልደኛ። የጸሎት ቤታችን ኪሌሌሽዋ አንድ ሕንድ ከሚያከራየው ትልቅ ግቢ ውስጥ የነበረ የመኪና ማቆሚያ ቤት ነው፤ እኛም የተጋባነው እዚያው ቀይ ወለል ላይ ነው። ሲንበረከክ አዲሱ ሱሪው ቀላና፣ «ጌታ ማኅተሙን አተመብኝ፣ ከእንግዲህ አታመልጪም» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ፤ ሙሽራ ሆኜ ስስቅ ተገሠጽኩ። ሥራው ከሐጂ ኑሪ ጋር ነበር። ሐጂ ኑሪ ኢስሊ ሱቅ ያላቸው፣ ጨርቅና ሳሙና ወደ ሞያሌ የሚያመላልሱ ያገራችን ነጋዴ ናቸው። ሰናይት ገና በምትድህበት ጊዜ አንዱ መኪናቸው ሞያሌ ላይ ሞተሩ ወደቀና ተሾመን ላኩት። «ሳምንት አልቆይም» ብሎኝ ሄደ። ድንበሩ ላይ ሐጂ ያስጻፉለትን ደብዳቤ ቀሙትና እዚያው ታግዶ ቀረ። እኔም የኢስሊዋን ክፍል ኪራይ መክፈል አቅቶኝ ለቅቄ ላቪንግተን አንዲት ኬንያዊት እመቤት ቤት ከነልጄ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። እመቤቲቱ ማንም እንዳይደውል ስልኳ ላይ ትንሽ የቁልፍ ጋን ሰቅላለች። ቤቷን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ወረቀት የሌላት ሠራተኛ መያዝ ያስጠይቃታላ። ወራት አልፎ በመጨረሻ ሐጂ ሱቅ ብሄድ ሾፌራቸው ከተሾመ ያመጣውን ቃል ነገረኝ። «የት እንደገባሽ አላውቅም። ለፋሲካ ግን በሆነው መንገድ እመጣለሁ። ጸሎት ቤት ጠብቂኝ» ብሏል። ሾፌሩ መልሴን ይዞ ሊመለስ ሲል ዝናቡ ገባ፤ ወደ ሞያሌ የሚወስደው የማርሳቢት መንገድ ተቆረጠ፤ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ጠፋ። እኔ ግን አልተጨነቅኩም። ፋሲካ መቼ እንደሚውል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ኤልያስ ስለ ኦሪት በዓላት ያስተምሩ ነበር። የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ናቸው፣ አገር ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። እኛ ጴንጤዎች ለበዓል ቀን ብዙም አንጨነቅም፤ «ሁሉም ቀን የጌታ ነው» እያልን ነው የኖርነው። ጋሽ ኤልያስ ግን አንድ እሑድ እንዲህ አሉን፦ «እስራኤል በዓመት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውጡ ተባሉ። ለምን? በየቤታቸው መጸለይ አቅቷቸው ነው? እግዚአብሔር ቀን የቀጠረው እሱ እንዳይረሳ አይደለም፤ እኛ ስለምንጠፋፋ ነው። ቀኑ ከታወቀ ዳር አገር ያለውም ሰው መልእክተኛ ሳይላክበት ይነሣል። አገልጋዩ፣ መጻተኛው፣ አባት የሌለው ልጅ፣ ሁሉም በዚያ ቀን ማዕድ ላይ ቦታ አለው። በዓል ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ደግሞ ለብቻ አይያዝም።» ሰናይትን ታቅፌ ስሰማ ስለ ተሾመ የሚናገሩ መስሎኝ አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር። አሁን ሳስበው ያንን ስብከት ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ምሳኮ መጣ። ፖሊስ ሰፈሩን ከቦ፣ ቤት ለቤት እየገባ ስደተኛ የሚለቅምበትን ነው ምሳኮ የሚሉት። ኢስሊ መግቢያ መውጫው ታፈነ። በዚያው ዓመት ገና ደግሞ ሌላ ሰፈር ያለ የኛው ሰዎች ጉባኤ እንዳለ፣ ከነከበሮው፣ ከወንበር ላይ እየተነሣ በአንድ ካሚዮን ተጭኖ ነበር። ከፊሎቹ ሰሜን በረሃ ካምፕ ገቡ፣ የከፊሎቹ ድምፃቸው ጠፋ። ሐበሻን ቤት ለቤት ከማሳደድ በበዓሉ ቀን ጠብቆ መልቀም ይቀላል ማለት ጀመሩ ፖሊሶቹ፤ በዓላችንን ከኛ እኩል አወቁት። በጸሎት ቤታችን መታጠፊያ ላይ አንድ በቆሎ ጠባሽ ብቅ አለ። ከሰሉን ያቀጣጥላል፣ በቆሎውን ይደረድራል፣ በቆሎው ሲያር ግን አያገላብጠውም፤ ዓይኑ በራችን ላይ ነው። ከሱ በላይ ዛፉ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተኮልኩለው ቁልቁል ያያሉ። ጋሽ ኤልያስ ከበሮውን አስቀሩ፣ ቀጥለው እልልታውን፣ ቀጥለው መዝሙሩን በሹክሹክታ አደረጉት። ሃምሳ ሰው ሲያንሾካሽክ እንዴት እንደሚያስፈራ የሰማ ያውቀዋል።

ኬንያኖቹ የሚያከብሩት ኢስተር በዚያ ዓመት ከኛ ፋሲካ አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ በኛ ሆሳዕና ላይ ዋለ። ለነሱ ኢስተር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከጸሎት በኋላ ሰው እንዳይበተን ተባለና የመዘምራኑ መሪ ጌታቸው ተነሣ። «ወገኖች፣ እኛ ቀን አናመልክም» አለ። «በነሱ ኢስተር ከተማው ሁሉ ለብሶ ይወጣል፤ በዚያ መሀል ማን ይለየናል? ፓርክላንድስ ያሉ የኬንያ ወንድሞች አዳራሻቸውን ሊሰጡን ፈቅደዋል። በኛው ፋሲካ ቀን ግን ማንም ሰው በዚህ በር እንዳያልፍ።» ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔ ተነሣሁ። በጉባኤ መሀል ተናግሬ አላውቅም። «ጌታ ኢየሩሳሌም ሳይገባ ልናስነሣው ነው?» ስል ሳቁ፤ አንዷ ከኋላዬ «የልጅነት ኦርቶዶክስነቷ አለቀቃትም» ስትል ሰማኋት። «ይሁን ሳቁ። ተሾመ ግን በምን ይሰማል? መንገድ ላይ ያለ ሰው ማን ይነግረዋል?» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ጌታቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህት ወርቅነሽ፣ ለአንድ ሰው ብለን ይህን ሁሉ ሕዝብ ከነልጆቹ ወጥመድ ውስጥ እናስገባ?» አለኝ። ተቀመጥኩ። ዛሬም መልስ የለኝም። ሁሉም ወደ ጋሽ ኤልያስ ዞረ። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ሲያዟዙሩ ቆዩና፣ «ያስተማርኩትን አልረሳሁም። ግን ልጆች አሉን» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተወሰነ።

ሐጂ ኑሪ ዘንድ ሮጥኩ። ሱቃቸውን ዘግተው ሞምባሳ ዘመድ ጋ ሊሄዱ ሻንጣ ሲያስሩ አገኘኋቸው፤ ኢስሊ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ነገሩን ስነግራቸው ገመዱን እንደያዙ ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኛ ጾምና በዓላችንን ጨረቃ አይተን ነው የምንይዘው፤ ጨረቃን ኮሚቴ አያዛውራትም» አሉኝ። ከዚያ አዘኑልኝና መንገድ ከተከፈተ ለሾፌሮቹ አደራ እላለሁ ብለው ቃል ገቡ። መንገዱ ግን ሾፌሮቹን ወደ ላይ የሚያሳልፍ ያህል አልተከፈተም። የቀረኝ ሰው የጸሎት ቤቱ ግቢ ዘበኛ ሙዜ ኪማኒ ብቻ ነበሩ። አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሙዜ የሚባሉትም ለዚያ ነው፤ ሰናይትን ይወዷታል። የተሾመን መልክ ነገርኳቸው። «ከእናንተ ኢስተር ቀጥሎ ባለው እሑድ ይመጣል። ጠብቃት፣ በጠዋት ትመጣለች ይበሉልኝ» አልኳቸው። ሙዜ ኪማኒ በቆሎ ጠባሹን በዓይናቸው አሳዩኝና፣ «ቶሎ ነይ» አሉኝ።

በኢስተር ቀን ፓርክላንድስ ተሰበሰብን። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ። መንገዱ ሙሉ ኬንያኖች ለብሰው ይሄዳሉ፤ አንድ ፖሊስ እንኳ ዘወር ብሎ ያየን የለም። ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ጮኾ ዘመረ፣ ጮክ ብሎ መዘመርን የረሱት ልጆች ደንግጠው ያያሉ። ጌታቸው ዓይኑ እንባ ሞልቶ እየመጣ አቀፈኝና «አየሽ?» አለኝ። አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የሰው ሠርግ ላይ የተገኘሁ ነበር የመሰለኝ፤ ሰሃኔን ይዤ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ያቺ ቀን ለኔ ፋሲካ አልነበረችም፤ የኔ ፋሲካ ገና ሳምንት ይቀረው ነበር፣ መንገድ ላይም ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደረሰ። የኛ ፋሲካ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሰናይትን አዝዬ እመቤቲቱን ላስፈቅድ ሄድኩ። እሷም ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ እየወጣች ነበር። «ዛሬ በዓላችን ነው፣ ልሂድ» አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። «በዓልሽ ባለፈው እሑድ አልነበረም? ኢስተር ብለሽ ወጥተሽ ዋልሽ፣ እኔም ፈቀድኩልሽ። ስንት ኢስተር ነው ያላችሁ?» አለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ያኛው የተዛወረው ነው፣ ይኼኛው እውነተኛው ነው ልበላት? ለምሳ እንግዶች እንዳሉባት ነግራኝ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ለመንኩ፣ በመስኮት እያየችኝ መኪናዋን አስነሣች። ያን ቀን ሥጋ ጠበስኩ፣ ሩዝ ቀቀልኩ፣ እንግዶች አስተናገድኩ። እጄ ሳህን ያጥባል፣ ልቤ ኪሌሌሽዋ ነው። እኩለ ቀን ገደማ የሰፈሩ ውሾች ከታች በኩል አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ መጮኽ ጀመሩ። ውሻ ይጮኻል፣ ምን ይገርማል። እኔ ግን የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

እንግዶቹ ሲወጡ አብሬ ወጣሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ካፊያ ነበር። ሰናይትን በጀርባዬ አዝዬ ከላቪንግተን ቁልቁል ሮጥኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ የበቆሎው ከሰል አመድ ለብሷል፣ በላዩ ላይ በቆሎው ጠቁሯል፣ ሰውየው የለም። ዛፉም ላይ አንድ ወፍ አልቀረም። ሙዜ ኪማኒ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ይዘዋል። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። «መጥቶ ነበር» አሉኝ። ማለዳ ነው የደረሰው፣ በከብት መኪና ለምኖ፣ የቀረውን በእግሩ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሰው መጥቷል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። በዓሉን ባለፈው እሑድ አከበሩ አሉት። «ያለ እኔ?» ብሎ ሳቀ አሉኝ፤ ተሾመ ነዋ፣ ይስቃል። ሚስትህ በጠዋት ትመጣለች፣ ጠብቃት ብላለች ሲሉት በሩ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠዋቱ ሄደ፣ ረፋዱ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ሸራ የለበሰ ትልቅ ካሚዮን መጣ። ሙሉ ጉባኤ ሊጭኑ መጥተው አንድ ሰው ጭነው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ወንድም ለምስክርነት ወጣ። ፖሊሶቹ በፋሲካችን ቀን እንደመጡና ባዶ ግቢ እንዳገኙ ሰምቷል። «እግዚአብሔር ከአዳኝ ወጥመድ አስመለጠን» ሲል እልልታው ሊነሣ አንዷ አፏን ከፈተች። ጋሽ ኤልያስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እልል እንዳትሉ» አሉ። ጮኸው ሲናገሩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት መጥተው ቀዩ ወለል ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሰናይት ራስ ላይ አደረጉ። ተቆጥቼባቸው ነበር፤ አሁንም ቁጣው አለ። ባናዛውር ኖሮ ሁላችንም እንወሰድ ነበር፣ እኔም፣ ልጄም፣ እነዚያም ሕፃናት። ይህን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን አብረን እንወሰድ ነበር። እሱን ያህል ሰው ለብቻው ካሚዮን ላይ ሲወጣ ሳስብ አንጀቴ ይቆረጣል።

ጣቢያ ለጣቢያ ለፍቼ ነበር። አንዱ ካምፕ ተልኳል ይለኛል፣ አንዱ ድንበር ተሸኝቷል ይለኛል፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሰው አልያዝንም ይለኛል። ሐጂ ኑሪ በየሾፌሩ፣ በየኬላው አስጠየቁ፤ ሞያሌ አልደረሰም። ካምፑም ውስጥ በስሙ የተጠራ የለም። እግዚአብሔር ይወቀው፤ መቃብር የለኝም፣ ተስካር ያወጣሁለት የለም፣ መበለት ነሽ ወይ ሲሉኝም የምለው ይጠፋኛል። ጋሽ ኤልያስ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ጉባኤው ፋሲካን በፈለገው ቀን ያክብር፣ በኛው ፋሲካ እሑድ ከማለዳ እስከ ማታ ያ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው ብላቸው፣ «ያልሰማ ሰው ይኖራል» ይሉኛል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ አልተገኘም፤ እኔም እዚያ በር ድረስ ሄጄ መቆም አልቻልኩም። ዛሬ ግቢው ፈርሶ ሕንፃ ተሠርቶበታል።

ዛሬ ጠዋት ሰናይት ሥራ ልትወጣ ስትል የወለሉን ሽታ አነሣሁባት፣ ከዚያ ፋሲካውን፣ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ በፋሲካ ቀን እንደተወሰደ ታውቃለች፤ ቀኑን ስላዛወርነው እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር አለችኝ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ልጅ ሳለች ደጋግማ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ። «ማሚ፣ ካሚዮን እኮ ከሩቅ ይሰማል። በሩም ክፍት ነበር። አባዬ ለምን አልገባም?» ልጅ ሳለች «አላያቸውም ነበር» ብዬ ነበር የማልፋት። አሁን እሷም ልጆች ወልዳለች፣ እኔም አርጅቻለሁ።

«አይቷቸዋል» አልኳት። «ሙዜ ኪማኒ ክንዱን ይዘው ጎትተውታል። ግባ፣ በጓሮ በኩል መውጫ አለ ብለውታል። ድንጋዩን ለቅቆ አልነሣም። ‹ከገባሁ መጥታ ታጣኛለች› አላቸው።»